ኮሚሽኒንግ ምንድን ነው? ታወሩ ቆሞ ኔትወርኩ የሚዘገየው ለምንድን ነው?

ሰፈራችሁ አዲስ ታወር ቆመ እንበል። ብረቱ ወጣ፣ አንቴናው ተሰቀለ፣ አጥሩ ታጠረ፣ ዘበኛም ተቀጠረ። ስልካችሁ ግን ያው እንደ በፊቱ ነው። አንድ ሳምንት ያልፋል፣ ሌላም ይደገማል። ሥራዬን የሚያውቅ ዘመድ ሁሉ "ሠርተው ጨርሰው ምን ይጠብቃሉ?" ይለኛል። መልሴ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ መብራት አልገባም፣ ወይ ኮሚሽኒንግ አላለቀም።

ኮሚሽኒንግ ሲባል ብዙ ሰው የደላላ ኮሚሽን ይመስለዋል። አክስቴ እስከ ዛሬ ታወር የማሻሽጥ ነው የሚመስላት። ነገሩ ሌላ ነው። የተተከለ መሣሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ ኃይል ሰጥቶ፣ ማን እንደሆነ ነግሮ፣ ከኔትወርኩ ጋር አገናኝቶና ፈትሾ ማስረከብ ማለት ነው። ተከላው የብረትና የገመድ ሥራ ነው። ኮሚሽኒንግ "እሺ፣ ይሠራል ወይ?" ተብሎ የሚጠየቅበት ነው።

በአንድ የሞባይል ጣቢያ ታች ካቢኔ ውስጥ ቤዝባንድ የሚባለው ክፍል አለ። የሚላከውንና የሚመጣውን ምልክት ሒሳብ የሚሠራው እሱ ነው። ላይ ከአንቴናዎቹ አጠገብ ምልክቱን ወደ ሞገድ የሚቀይሩት የሬዲዮ ክፍሎች ተሰቅለዋል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ፋይበር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማብራት አይደለም፣ ሁሉም ነገር መጥፋቱን ማረጋገጥ ነው። ብሬከሮቹ በሙሉ መውረዳቸው ይታያል። የመሬት ገመዱ በደንብ መታሰሩ ይፈተሻል። ከዚያ ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያው፣ ይወጣል። የቴሌኮም መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ቤታችን ባለው 220 ቮልት በቀጥታ አይሠራም። ሬክቲፋየር የሚባል መቀየሪያ ተቀብሎ እንደ ባትሪ ኃይል ወዳለ 48 ቮልት ዲሲ ይቀይረዋል፣ ያውም ኔጌቲቭ 48።

ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። መኪና ላይ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ኔጌቲቭ ነው። ቴሌኮም ላይ ግን ከመሬት ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ምክንያቱ ከድሮው የመዳብ ስልክ መስመር የመጣ ነው። እርጥበት ያገኘው ሽቦ ከመሬቱ አንጻር ፖዘቲቭ ከሆነ መዳቡ እየተበላ ያልቃል። ኔጌቲቭ ሲሆን ይተርፋል። ዛሬ መስመሩ በአብዛኛው ፋይበር ሆኗል፣ ልማዱ ግን እንዳለ አለ። 48 የሚለው ቁጥርም ከባትሪ ነው የመጣው፤ ባለ 2 ቮልት 24 ሴሎች ሲደረደሩ 48 ይሆናል። ባትሪው እየሞላ ከሆነ ቴስተሩ 54 አካባቢ ያሳያል፣ አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ከቁጥሩ በፊት የምትመጣው ትንሿ የመቀነስ ምልክት ባልጠበቃችሁበት ቦታ ስትታይ ነው። ገመዱ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ያኔ ብሬከር አይነካም።

ልክ ከሆነ ብሬከሮቹ አንድ በአንድ ይነሳሉ። መጀመሪያ ቤዝባንዱ። ፋኑ ለአፍታ እንደ አውሮፕላን ይጮኻል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ትንሿ መብራት ሶፍትዌሩ እየተጫነ ሳለ ቶሎ ቶሎ ትርገበገባለች። ሲያልቅ ቀስ ብላ ብልጭ፣ ጥፍት ማለት ትጀምራለች። እኔ ይቺን ቀርፋፋ ብልጭታ ሳላይ ምሳ አልወጣም።

አሁን መሣሪያው በርቷል፣ ግን ገና ማንም አይደለም። ዋይፋይ ራውተር ገዝታችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። ከፋብሪካ በመጣ አድራሻና ይለፍ ቃል ትገባላችሁ፣ ስሙን ትቀይራላችሁ፣ የራሳችሁን ይለፍ ቃል ትሰጣላችሁ። ይሄም ያው ነው፣ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ። ላፕቶፕ ይሰካል፣ የሶፍትዌሩ ቅጂ ይታያል፣ አሮጌ ከሆነ ይታደሳል። ከዚያ የጣቢያው መለያ፣ የአይፒ አድራሻው፣ የሚጠቀምባቸው ሞገዶች፣ አንቴናዎቹ በሚያዩበት በእያንዳንዱ አቅጣጫ የሚላከው ጉልበት ይገባል። ዛሬ ዛሬ ፋይሉ ቢሮ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ሳይት ላይ መጫን ብቻ ነው። ግን ከአድራሻው አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ጣቢያው እዚያው ተራራ ላይ በርቶ ቁጭ ይላል፣ ማዕከል ያሉት አያዩትም።

ከፋይሉ ውስጥ ሰው የሚንቀው የጎረቤት ዝርዝር ነው። ታክሲ ውስጥ እያወራችሁ ከአንዱ ጣቢያ ክልል ወደ ሌላው ስትሻገሩ ስልኩ የማይቋረጠው ጣቢያዎቹ ስለሚተዋወቁ ነው። አዲሱ ጣቢያ ጎረቤቶቹ በትክክል ካልተነገሩት መሥራቱን ይሠራል፣ መንገደኛውን ግን መንገድ ላይ ይጥለዋል።

ፋይበሩም የራሱ ጣጣ አለው። ብርሃን የሚያልፍበት መሃሉ ውፍረቱ 9 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። በዓይን የማትታይ አቧራ ትዘጋዋለች። "መሣሪያው ተበላሽቷል" ተብሎ በተጠራሁበት ስንቱ ቦታ ጫፉን ጠርጌ መልሼ ሰክቼ ተመልሻለሁ።

ሰዓትም አለ። በአንድ ሞገድ ላይ ተራ በተራ የሚልኩና የሚቀበሉ ጣቢያዎች፣ ለምሳሌ አብዛኞቹ የ5ጂ ጣቢያዎች፣ በጣም በተቀራረበ ሰዓት መሄድ አለባቸው። እያንዳንዱ ጣቢያ ከትክክለኛው ሰዓት እንዲርቅ የሚፈቀድለት እስከ 1.5 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ ማለትም የአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ተኩል። ለዚህ ነው ብዙ ጣቢያ ላይ ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበል የጂፒኤስ አንቴና የምታዩት። ሰዓቱ ሳይያዝ ሬዲዮ ከተከፈተ አንዱ ጣቢያ ሊያዳምጥ ጆሮውን ሲያቀና ጎረቤቱ ይጮኽበታል።

ሬዲዮው ሲከፈት ወደ አንቴናው ከተላከው ጉልበት ምን ያህሉ እንደተመለሰ ይለካል። VSWR የሚባለው መለኪያ 1.5 ካሳየ 4 በመቶው ተመልሷል ማለት ነው። ከዚያ እየበለጠ ከሄደ ወይ ማገናኛው ላልቷል፣ ወይ ውሃ ገብቶበታል።

በመጨረሻ አላርሙ፣ ማለትም መሣሪያው የሚያሳየው የብልሽት ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉ ይጸዳል። ስልክ ይደወላል፣ ኢንተርኔት ይሞከራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰነድ ይፈረማል። ሰው ሁሉ መጨረሻው ይሄ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

አንድ ትንሽ ከተማ ሄጄ ነው። አንድም አላርም የለም፣ ከልክ በላይ የተመለሰ ጉልበት የለም፣ ስልክም ይደወላል። ወደ መናኸሪያው ወርጄ ቡና ሳዝ የቡና ቤቱ ባለቤት "ኔትወርኩማ ሞልቷል፤ ወደ ገበያው መንገድ እያወራሁ ስወጣ ግን ጥርቅም ይላል፤ እሱ ታወር ሳይቆም እንኳ እንዲህ አልነበረም" አለችኝ። አላመንኳትም፣ ግን የመሞከሪያ ስልኬን ይዤ መንገዱን ወጣሁ።

እያንዳንዱ አቅጣጫ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ 4ጂ ላይ ከ0 እስከ 503 ካሉት አንዱ ይሰጠዋል። ስልኩ ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚቀበል በቁጥሩ ያሳየኛል። ገበያው በመጀመሪያው አቅጣጫ ነው፣ ስልኬ ግን የሁለተኛውን ቁጥር ያሳያል። ዞሬ በሁለተኛው በኩል ወረድኩ፣ እዚያ ደግሞ የመጀመሪያውን። ተቀያይረዋል! ወደ ገበያው የሚያየው አንቴና የሌላኛውን ወገን ጎረቤቶች ዝርዝር ይዟል፣ ሴትዮዋን ወዴት እንደሚያሻግራት አያውቅም። ለመሣሪያው ሁለቱም ፋይበሮች ጤነኛ ስለሆኑ ቅሬታ የለውም። አንቴናው በየት በኩል እንደዞረ በምን ያውቃል?

ለማወቅ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ለማስተካከል ካቢኔውን ከፍቼ ሁለት ፋይበር አቀያየርኩ፣ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ለምን እንደተሳሳቱ የገባኝ ስነቅላቸው ነው። ሁለቱም ላይ የተለጠፈው ወረቀት "1" ይላል።