«ሪሰርች» እንደገና መፈለግ ነው እንዴ?

የ«ሪሰርች» (የምርምር) ሥልጠና ላይ ይህችን ሳትሰሙ አትቀሩም፦ «ሪ ማለት እንደገና፣ ሰርች ማለት መፈለግ፤ ስለዚህ ሪሰርች እንደገና መፈለግ ነው።» ታምራለች፤ ግን ልክ አይደለችም።

ቃሉን እንግሊዝኛ የወሰደው በ16ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳይኛ ነው። እዚህ ላይ «ሪ» መደጋገምን ሳይሆን ማጥበቅን ነው የምታሳየው፤ አጥብቆ፣ አበጥሮ መፈለግ እንደማለት። «ሰርች» ደግሞ ከላቲኑ «ኪርካሬ» የመጣ ነው፤ መዞር ማለት ነው። ሥሩ «ኪርኩስ» ነው፣ ክብ። አዎ፣ ሰርከስም የዚሁ ቤት ልጅ ነው!

ቁልፍ የጠፋበትን ሰው አስቡት። ክፍሉን ይዞራል፣ ትራሱን ያነሳል፣ አልጋ ሥር ያጎነብሳል። የቃሉ የመጀመሪያ ስሜት ከላብራቶሪ ይልቅ ለዚህ ሰው ይቀርባል።