ሜታል ኦክሳይድ የጋዝ ሴንሰር ምንድነው? ጋዙን እንዴት ነው ሚያውቀው?

ሜታል ኦክሳይድ ማለት ብረታ ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ሚፈጠረው ነገር ነው፣ ዝገትም እኮ አንዱ ሜታል ኦክሳይድ ነው። ጋዝ ዲቴክተር ውስጥ ግን በብዛት ምታገኙት ቲን ኦክሳይድ ሚባለውን ነጭ ዱቄት ነው። አርዱዪኖ (ኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ትንሽ ቦርድ) የነካካ ተማሪ ሁሉ ሚያውቃት ኤምኪው 2፣ ኤምኪው 6 ምናምን ምትባለዋ ወንፊት ያላት ክብ ነገር ውስጥ ያለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል፦ ይሄ ሴንሰር ጋዙን በስሙ አያውቀውም፣ ሚያውቀው ላዩ ላይ ተለጥፎ የነበረ ኦክስጅን እንደቀነሰ ብቻ ነው።

እንዴት መሰላችሁ፣ ቲን ኦክሳይድ ሰሚኮንዳክተር ነው (ከረንት በከፊል ሚያሳልፍ ነገር)፣ ክሪስታሉ ውስጥ መኖር የነበረባቸው አንዳንድ ኦክስጅኖች ስለሚጎድሉ ትርፍ ኤሌክትሮን አለው፣ ከረንት ሚያሳልፈውም በነሱ ነው። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ አካባቢ ስታሞቁት አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይመጣና ላዩ ላይ ይለጠፋል፣ ሲለጠፍ ደሞ ባዶ እጁን አይቀመጥም፣ ኤሌክትሮን እንደ መያዣ ይወስድበታል። ኤሌክትሮን ሲያጣ ሬዚስታንሱ (ከረንት እንዳያልፍ መከልከሉ) ይጨምራል፣ በተለይ ዱቄቱ እርስ በርስ የተነካኩ ጥቃቅን ክሪስታሎች ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው ላይ ከረንቱ ይቸገራል። አሁን ፕሮፔን ወይ ቡቴን ወይ ሃይድሮጅን ሲመጣ ከዛ ከተለጠፈው ኦክስጅን ጋር ያለ ነበልባል ይቃጠላል፣ ውሃና ካርቦንዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል (ሃይድሮጅን ከሆነ ውሃ ብቻ)፣ የተያዘው ኤሌክትሮን ይለቀቃል፣ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። ሰርኪዩቱ ሚያየው ይቺን መውረድ ነው፣ በቃ። እንደ ኮፐር ኦክሳይድና ኒኬል ኦክሳይድ ያሉት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ ጋዝ ሲመጣ ሬዚስታንሳቸው ይጨምራል።

ሀሳቡ የጃፓኖች ነው ማለት ይቻላል። በፈረንጆቹ 1962 የክዩሹ ዩኒቨርሲቲው ሴያማ በዚንክ ኦክሳይድ ስስ ፊልም ጋዝ መለየት እንደሚቻል አሳየ፣ በዛው ዓመት ታጉቺ ናኦዮሺ ደሞ በቲን ኦክሳይድ ሚሰራውን ፓተንት ጠየቀ፣ በኋላም ፊጋሮ ሚባለውን ኩባንያ አቋቁሞ ወደ ገበያ አወጣው። ጊዜው የፕሮፔን ሲሊንደር ጃፓን ውስጥ በየቤቱ እየገባ የነበረበት ነው፣ ፍንዳታውም አብሮ ነው የመጣው።

ወደ ጸባዩ ስንመለስ፣ ጋዝ ለይቶ ስለማያውቅ ኦክስጅኑን ሚነካ ነገር ሁሉ ያታልለዋል። አረቄ፣ ሽቶ፣ የቀለም ቲነር፣ አንዳንዴ ወጥ ሲቁላላ ሚወጣው ጭስ ሁሉ ሊያስጮኸው ይችላል፣ ስለዚ ኤምኪው 6 "ለኤልፒጂ" (ለሲሊንደር ጋዝ) ነው ስለተባለ ኤልፒጂ ብቻ ያያል ማለት አይደለም፣ ለሱ ይበልጥ ይነቃል ነው ነገሩ። አምራቾቹ ይሄን ሚያስተካክሉት በሙቀቱና ፓላዲየም ሚባል ብረት ምናምን ጠብ በማድረግ ነው። ሃይድሮጅን በቀላሉ ስለሚቃጠል ቶሎ ይታያል፣ ሚቴን ግን ግትር ሞለኪውል ነው፣ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል። እርጥበትም ንባቡን ያዛባል። ኦክስጅን የሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ናይትሮጅን የተሞላ ታንክ ውስጥ፣ ብትከቱት ደሞ ንባቡ ምንም አይታመንም፣ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቁታላችሁ።

ሙቀት ስለሚፈልግ ሂተር አለው፣ ኤምኪው ላይ በ5 ቮልት ወደ 150 ሚሊአምፒር ይበላል፣ በባትሪ ለሚሰራ ነገር ብዙ ነው። አዲስ ሲገዛ ከ24 ሰዓት በላይ አሙቁት ሚባለውም ንባቡ እስኪረጋጋ ነው፣ ተማሪዎች ግን ገና እንደሰኩት አንብበው "ሴንሰሩ ተበላሽቷል" ይላሉ። መቼም ሚቀጣጠል ጋዝ መሃል የጋለ ነገር ማስቀመጥ እብደት ይመስላል አይደል? ያቺ ወንፊት ለዚ ነው ያለችው፣ ውስጥ እሳት ቢነሳ ሽቦው ሙቀቱን ስለሚወስድበት ነበልባሉ ወደ ውጭ አያልፍም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዴቪ በፈረንጆቹ 1815 ለከሰል ማዕድን ሰራተኞች የሰራው ፋኖስም በዚሁ ዘዴ ነበር።

ስለዚ ነገር ናኖ ናኖ እያሉ ሚጽፉት ተመራማሪዎችም ዝም ብለው አይደለም። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮን ሚወስድበት ንጣፍ ውፍረቱ 3 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) አካባቢ ነው፣ ስለዚ ክሪስታሉ ከ6 ናኖሜትር በታች ሲሆን ሁለቱም ጎን ተነክቶ መሃል ሚቀር ነገር የለም፣ ያኔ ሴንሲቲቪቲው በጣም ይዘላል።

ቤት ውስጥ ሲሆን ቦታው ወሳኝ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈስ ወለል ላይ ነው ሚተኛው፣ ስለዚ ዲቴክተሩ ዝቅ ብሎ ወለል አካባቢ መሆን አለበት። በቧንቧ ሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ግን በአብዛኛው ሚቴን ነው፣ ይቀላል፣ ለሱ የተሰራው ኮርኒስ አካባቢ ይሰቀላል። ዘመድ ከአሜሪካ ወይ ከአውሮፓ ሲልክላችሁ ለየትኛው ጋዝ እንደተስተካከለ ሳታዩ አትስቀሉት። ፕሮፔን አየር ውስጥ 2.1 ፐርሰንት፣ ቡቴን 1.8 ፐርሰንት ሲደርስ ነው መቀጣጠል ሚጀምረው፣ ዲቴክተሩ ከዛ በጣም ቀድሞ አንድ አስረኛው አካባቢ ላይ እንዲጮህ ነው ብዙ ጊዜ ሚስተካከለው። ከጮኸ ቫልቩን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ።

ደሞ ሲሊኮን ይገለዋል። የመስኮት ማሸጊያው፣ አንዳንድ የጸጉር ስፕሬይ ላይ ያለው፣ ትነቱ ላዩ ላይ ይቃጠልና እንደ አሸዋ ያለ ሽፋን ይሰራል፣ ከዛ በኋላ ኦክስጅንም ጋዝም አይደርስበትም። ብዙዎቹ ላይ ያለችው ቴስት ቁልፍ ምትፈትሸው ድምጹንና ሰርኪዩቱን ስለሆነ ዱቄቱ የሞተበትም ሲጫኑት በደንብ ይጮሃል፣ ስለዚ ከጀርባው የተጻፈው የማለቂያ ጊዜ ካለፈ ቢጮህም ቀይሩት።