ረጅም የኬሚስትሪ ቃል የት ላይ ይቆረጣል?

ዳይክሎሮዳይፌኒልትራይክሎሮኢቴን። ይህን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ትንፋሽ ሊያነብ የሞከረ ሰው መሃል ላይ ቢደናቀፍ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ሁላችንም የምናውቀው የነፍሳት መግደያ፣ ዲዲቲ ነው።

ዘዴው ፊደል እየቆጠሩ መቁረጥ ሳይሆን ትርጉም ያለውን ቁራጭ መፈለግ ነው፦ ዳይክሎሮ፣ ዳይፌኒል፣ ትራይክሎሮ፣ ኢቴን። ዳይ ሁለት፣ ትራይ ሦስት ማለት ነው። ስለዚህ 2 ክሎሪን፣ 2 የፌኒል ቀለበት (ባለ 6 ካርቦን ቀለበት)፣ እንደገና 3 ክሎሪን አለው። ኢቴን ባለ 2 ካርቦን ግንዱ ነው።

ለንባብ እኔ ከኋላ መጀመርን እመርጣለሁ። መጀመሪያ «ኢቴን» በሉ። ቀጥሎ «ትራይክሎሮ ኢቴን»። እንዲህ ከፊት እየጨመራችሁ ስትሄዱ ምላሳችሁ ይላመዳል።

ቃሉ መስመር ላይ አልበቃ ብሎ ከተከፈለም ሰረዙ እነዚሁ መገጣጠሚያዎች ላይ ይግባ። «ትራይክ-ሎሮ» አንባቢን ያደናግራል።

አንዳንዴ እንዲያውም ትርጉም ይቀየራል። በእንግሊዝኛ ፊደላቱ አንድ ሆነው ሁለት ንባብ ያለው ቃል አለ፦ unionized። «አን» ላይ ቆርጣችሁ «አን-አዮናይዝድ» ካላችሁ ወደ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ወዳለው ቅንጣት) ያልተለወጠ ማለት ነው። «ዩኒየናይዝድ» ብላችሁ ካነበባችሁት ግን በሠራተኛ ማኅበር የተደራጀ ይሆናል!