ስለ ሻቲላ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

«ሳብራና ሻቲላ» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም፤ ሊባኖስ ዋና ከተማ ቤይሩት ውስጥ ያሉ ቦታዎች ናቸው። ቤይሩት ሠርታ የመጣች እህት ያለችው ሰው ደግሞ የሳብራን ገበያ ያውቀዋል። ስለ ቦታው ከሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ሁለት የፍልስጤም ስደተኞች ካምፖች ናቸው»
የስደተኞች ካምፑ ሻቲላ ብቻ ነው። ሳብራ አጠገቡ ያለ የከተማ ሰፈር ነው፣ በቃ።

«ሰዉ የሚኖረው ድንኳን ውስጥ ነው»
ድንኳኑ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከሰሜን ፍልስጤም መንደሮች የተፈናቀሉት መጀመሪያ ሲሰፍሩ። ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ። የካምፖቹን ጉዳይ ከሊባኖስ መንግሥት ለፍልስጤማውያን ካስተላለፈው ከ1969ኙ የካይሮ ስምምነት በኋላ ደግሞ ሰው እንደ ልቡ በብሎኬት መሥራት ጀመረ። መሬቱ ስለማይሰፋ ልጅ ሲያገባ የአባቱ ቤት ላይ ፎቅ ይጨመራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዛሬ አንዳንዱ ቅያስ በቀትርም ጨለማ ነው። ከላይ የመብራት ሽቦና የውሃ ቱቦ ተጠላልፎ ተንጠልጥሏል፣ በኤሌክትሪክ ተይዘው የሞቱም አሉ። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ስለሚል የሚጠጣው ይገዛል።

«የተባበሩት መንግሥታት ነው የሚያስተዳድራቸው፣ የሚቀልባቸውም»
ኡንርዋ (የተባበሩት መንግሥታት የፍልስጤም ስደተኞች ድርጅት) ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አለው፣ ቆሻሻም ያነሳል። የካምፑ አስተዳዳሪ ግን አይደለም፤ የውስጡን ጉዳይ የሚይዙት የሕዝብ ኮሚቴዎች ናቸው። ሰዉም ሠርቶ ነው የሚበላው፣ ያውም ብዙ ሥራ በተከለከለበት አገር። እዚያው ሊባኖስ ተወልዶ ያደገ ፍልስጤማዊ ሕክምና፣ ሕግና ምህንድስናን የመሳሰሉ ሙያዎች ተዘግተውበታል፤ ከ2001 ወዲህ ደግሞ ቤትም መሬትም በስሙ መግዛት አይችልም።

«የ1982ቱን የሳብራና ሻቲላ ጭፍጨፋ የፈጸመው የእስራኤል ጦር ነው»
ገብተው የገደሉት ፋላንጅ የሚባለው የሊባኖስ ክርስቲያኖች ፓርቲ ሚሊሻዎች ናቸው። «እንግዲያው እስራኤል የለችበትም» የሚል ካለ እሱም ተሳስቷል። አካባቢውን ከብቦ ሚሊሻዎቹን ያስገባው ጦሯ ነው፤ ጉዳዩን የመረመረው የራሷ የካሃን ኮሚሽንም በ1983 የመከላከያ ሚኒስትሯን አሪየል ሻሮንን በግል ተጠያቂ አድርጎታል። እሱም ይህን ሥልጣኑን ለቆ ካቢኔው ውስጥ ቀጠለ! የሟቾቹ ግምት ከጥቂት መቶዎች እስከ 3,500 ይደርሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ካምፑን ይበልጥ ያፈራረሰው ከ1985 ጀምሮ አማል የሚባለው የሊባኖስ ሺዓዎች ሚሊሻ ያደረገው ከበባ መሆኑን ነው። ሬሳ ማውጣት ስላልተቻለ ሟቾቹን እዚያው መስጊድ ውስጥ ቀበሯቸው።

«ፍልስጤማዊ ብቻ ነው የሚኖርበት»
ድሮ ቀረ። ኪራዩ ከሌላው ቤይሩት ስለሚረክስ ድሃ ሊባኖሳውያንና የውጭ አገር ሠራተኞችም ይከራዩበታል፣ ከ2011 ወዲህ ደግሞ ከጦርነት የሸሹ ሶርያውያን በብዛት ገብተዋል።