አይቺ ቫይረስ ምንድን ነው?

አይቺ በጃፓን መካከለኛ ክፍል የሚገኝ፣ ዋና ከተማው ናጎያ የሆነ አውራጃ ነው። በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዚያ ኦይስተር የተባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የተመገቡ ሰዎች በትውከትና በተቅማጥ ታመሙ፤ ተመራማሪዎችም የሕመምተኞቹን ሰገራ በጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ሲያሳድጉ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ቫይረስ አገኙና በአውራጃው ስም ጠሩት። የሚመደበው የፖሊዮና የሄፓታይተስ ኤ ቫይረሶች ካሉበት ቤተሰብ ሲሆን፣ ወገኑ ኮቡቫይረስ ይባላል፤ «ኮቡ» በጃፓንኛ እብጠት ማለት ነው፤ ስያሜውም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ወጣ ገባ ከሚመስለው ገጽታው የመጣ ነው።

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲመረመር በቅድሚያ የሚፈለጉት ሮታ፣ ኖሮና አዴኖ ቫይረሶች ናቸው። እነዚህ ሳይገኙ ሲቀሩ፣ ወይም ጥናቱ ሰፋ ያለ ሲሆን፣ አይቺን መሰል ብርቅ ቫይረሶች ይፈለጋሉ። ጥቂት ሰገራ በጨው ውህድ ተበጥብጦ በማሽን ኃይል ይሽከረከርና ደለሉ ሲቀር፣ ከላይ ከጠለለው ፈሳሽ የቫይረሱ ዘረመል የሆነው አር ኤን ኤ ተነጥሎ ይወጣል። ፒሲአር የተባለው የዘረመል ማባዣ ዘዴ የሚሠራው በዲ ኤን ኤ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አር ኤን ኤው አስቀድሞ በኢንዛይም ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለበጣል። ከዚያም ከ8,200 በላይ ፊደላት ካሉት የቫይረሱ ዘረመል ውስጥ ከዝርያ ዝርያ ብዙም የማይለዋወጥ አጭር ክፍል ተመርጦ ይባዛል፤ ውጤቱም በጄል ላይ እንደ ቀጭን የብርሃን መስመር ይታያል።

ይህች መስመር ግን ቫይረሱ መኖሩን እንጂ የትኛው ዓይነት መሆኑን አትናገርም። ዓይነቱን ለማወቅ የተባዛው ክፍል ፊደል በፊደል ተነቦ በጂን ባንክ፣ ማለትም ቀደም ብለው የተነበቡ ዘረመሎች በሚከማቹበት የመረጃ ቋት፣ ከተቀመጡት ጋር ይነጻጸራል፤ በተለይ የቫይረሱን የውጭ ሽፋን ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንዱን፣ ቪፒ1ን፣ የሚጽፈው ክፍል ብዙ ስለሚለዋወጥ ዝምድናን ለመለየት ይመረጣል። በዚህ መንገድ ኤ፣ ቢ እና ሲ የተባሉ ሦስት ዓይነቶች የተለዩ ሲሆን፣ ሲ የተገኘው ከማሊ በመጣ ናሙና ነው። እኔ እንደማምነው የዚህ ሥራ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ዛፍ በሚመስለው የዝምድና ሥዕል ላይ የአንድ ሕፃን ቫይረስ ከየትኛው አገር ቫይረስ ጋር እንደሚቀራረብ ይታያልና።

«ብርቅ» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይሻል። በሕፃናት ሰገራ ውስጥ ቫይረሱ የሚገኘው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ በጃፓን በተደረገ የደም ምርመራ በ35 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ከሚገኙ ሰዎች ወደ 80 በመቶ የሚሆኑት ለዚህ ቫይረስ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው ተገኝቷል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይያዛል፣ ሳያውቀውም ይድናል ማለት ነው። በዚያ ላይ አይቺ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሮታ ወይም ከኖሮ ቫይረስ ጋር ተደርቦ ስለሆነ፣ ተቅማጡን ያመጣው እሱ ነው ለማለት በጤነኛ ሕፃናት ሰገራ ውስጥም መፈለግ፣ የቫይረሱንም መጠን በታመሙትና በጤነኞቹ መካከል ማነጻጸር ግድ ይላል።