ከመወለድ በፊት ወደ ጉበት የሚሄደው ደም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የእናትየዋ ደም በእትብት በኩል በቀጥታ ወደ ጽንሱ ጉበት ይገባል።»
አይገባም። በእትብት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም የጽንሱ የራሱ ነው። የእናትና የልጅ ደም እንግዴ ልጁ ላይ በስስ ሽፋን ተለያይተው ይቀራረባሉ፤ ኦክስጅንና ምግብም የሚሻገሩት በዚያው ሽፋን በኩል ነው።

«ደም መላሽ ሥር የሚይዘው ኦክስጅኑ ያለቀበትን ደም ብቻ ነው።»
በጽንስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እትብት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደም መላሽና ሁለት ደም ወሳጅ ሥሮች አሉት፤ ኦክስጅን ያዘለውን ደም ከእንግዴ ልጁ የሚያመጣው ደም መላሹ ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚደርሰውም ጉበት ላይ ነው።

«ጉበት ከመወለድ በፊት ሥራ ስለሌለው ደሙ በአቋራጭ ያልፈዋል።»
ይህ ከሁሉም ይበልጥ ሥር የሰደደ ስሕተት ነው፤ አቋራጩን አጉልተው የሚያሳዩ የመማሪያ ሥዕሎችም ሳያባብሱት አልቀሩም። ደክተስ ቬኖሰስ የሚባለው አቋራጭ በእርግጥ አለ፤ ደምንም ከእትብቱ ሥር ወደ ልብ ወደሚያመራው ትልቁ ደም መላሽ ያሻግራል። ቀደም ሲል በበግ ጽንሶች ላይ የተደረጉ ምርምሮች ከእትብት ከሚመጣው ደም ግማሽ ያህሉ በዚህ እንደሚያልፍ አሳይተው ነበር። በሰው ጽንስ ላይ በአልትራሳውንድ ሲለካ ግን በ20ኛው ሳምንት ገደማ 30 በመቶ፣ ከ30ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ የቀረው በሙሉ በጉበት ውስጥ ያልፋል። ጉበትም ሥራ አይፈታም፤ የአጥንት መቅኔ ኃላፊነቱን እስኪረከብ ድረስ የደም ሴሎችን በዋናነት የሚያመርተው እርሱ ነው፤ በእርግዝናው መጨረሻ ደግሞ ለውልደት የሚሆን ስኳር በግላይኮጅን መልክ ያከማቻል።

ኦክስጅን ሲያጥር በአቋራጩ የሚያልፈው ድርሻ ይጨምራል፤ ልብና አንጎል ቅድሚያ ሲያገኙ ጉበት ይጎዳል፣ እድገቱም ይቀንሳል። የአልትራሳውንድ ባለሙያው የጽንሱን የሆድ ዙሪያ የሚለካው የእትብቱ ደም መላሽ ጉበት ውስጥ ገብቶ ሲታጠፍ በሚታይበት ቦታ ላይ በመሆኑ፣ ልኬቱ አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ ከምክንያቶቹ አንዱ የጉበቱ መቀጨጭ ሊሆን ይችላል።

«ጉበት በሙሉ አንድ ዓይነት ደም ይደርሰዋል።»
የግራው ክፍል የሚያገኘው በአመዛኙ ከእትብት የመጣውን ደም ነው። ወደ ቀኙ የሚሄደው ግን ከአንጀት ከሚመጣው፣ ኦክስጅኑ ከቀነሰው ደም ጋር ስለሚቀላቀል፣ ከመወለድ በፊት በኦክስጅን የተሻለው የግራው ነው።

«እትብት እንደተቆረጠ አቋራጩ ወዲያውኑ ይዘጋል።»
ከእንግዴ ልጁ የሚመጣው ደም ይቋረጣል እንጂ፣ ደክተስ ቬኖሰስ ጊዜው ደርሶ በተወለደ ሕፃን ላይ ለመዘጋት ቀናት ይወስድበታል፤ ያለጊዜው በተወለደ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእትብቱ ደም መላሽ ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልብ አጠገብ ማድረስ የሚችሉት በዚሁ መንገድ ነው። ቱቦው አቋራጩን ስቶ ወደ ጉበት ሥሮች ሊታጠፍ ስለሚችልም፣ ጫፉ የት እንደደረሰ ብዙውን ጊዜ በራጅ ይረጋገጣል።