«ሄይ» ማለት ገለባ ነው? ስለ ድርቆሽ የምንስታቸው ነገሮች

«ሄይ» (hay) የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ጊዜ «ገለባ» ተብላ ተተርጉማ አይቻለሁ መሰላችሁ! አንዳንዴ «ጭድ» ትሆናለች። ተርጓሚው ከቸኮለ ደግሞ «ሳር» ብሎ ይገላገላታል። ትክክለኛ ፍቺዋ ድርቆሽ ነው። ቃሏ ትንሽ ናት፤ ዙሪያዋ የተቆለለው ስህተት ግን አንድ ክምር ይወጣዋል። አንድ በአንድ እናንሳው። (ሰው የሚበላውን ድርቆሽ ለዛሬ እንተወው፤ ወሬያችን ከብት ስለሚበላው ነው።)

«ሄይ ያው ገለባ ነው»

አይደለም። ገለባና ጭድ እህሉ ከተወቃ በኋላ የሚቀሩ ናቸው። ተክሉ ያለውን ሁሉ ለፍሬው ሰጥቶ፣ አርጅቶና ቢጫ ሆኖ የቀረ አገዳ ነው። ድርቆሽ ግን ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሊያብብ ሲል ወይም ማበብ ሲጀምር ታጭዶ የደረቀ ሳር ነው። ገለባ የመከር ትራፊ ነው፤ ድርቆሽ ራሱ መከር ነው።

ልዩነቱ የሚታወቀው ላሟ ሆድ ውስጥ ሲገባ ነው። የእህል ገለባ ፕሮቲኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ3 እስከ 5 ቢሆን ነው። ደህና የሳር ድርቆሽ ከ8 እስከ 12 ይይዛል። አልፋልፋ ከሚባለው የመኖ ተክል የሚሠራው ድርቆሽ ደግሞ 15ን አልፎ ወደ 20 ይጠጋል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ገለባው ለእንስሳቱ ይነጠፋል፣ ድርቆሹ ይበላል።

ቃሉ ራሱ ይህን ይናገራል። «ሄይ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ከመቁረጥ ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። የእኛው «ድርቆሽ» የመጣው ከመድረቅ ነው። እነሱ በማጭዱ ጠሩት፣ እኛ በፀሐዩ።

የሚሳሳተው የእኛ ተርጓሚ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1890 እና በ1891 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላም ያው ነው) በዢቨርኒ የሳላቸው ዝነኛ ክምሮች በእንግሊዝኛ «የድርቆሽ ክምሮች» ተብለው ቀርተዋል። የፈረንሳይኛው ስም ግን «ክምሮች» ብቻ ይላል። የተከመረውም ድርቆሽ ሳይሆን ያልተወቃ ስንዴ ነው። ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱ በ2019 በጨረታ 110.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው ሰው፣ እንግዲህ፣ ድርቆሽ አልገዛም።

«ሳር ከደረቀ ድርቆሽ ሆነ ማለት ነው»

ሜዳ ላይ ቆሞ የደረቀ ሳር ድርቆሽ አይባልም። ዘሩን አራግፎ፣ ጉልበቱን ጨርሶ ነው የደረቀው። በሰዓቱ ታጭዶም ቢሆን ዝናብ ደጋግሞ ከመታው ምግቡ ታጥቦ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ አለቅጥ ከቆየ ደግሞ አረንጓዴነቱ ይነጣል፤ እንስሳው ቫይታሚን ኤ የሚያገኝበት ካሮቲንም አብሮ ይጠፋል። እንደ አልፋልፋ ያሉት ሌላ ጣጣ አላቸው፤ በጣም ደርቀው ከተገላበጡ ቅጠላቸው ይረግፋል። ምግቡ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው፣ እጃችሁ ላይ የሚቀረው እንጨት።

«አንዴ ከተከመረ ምን ይሆናል? ሳር በራሱ አይቃጠል!»

ይቃጠላል። ክብሪት የለ፣ ሲጋራ የለ፣ መጋዘኑ ግን በእሳት ይያያዛል። አዲስ የታጨደ ሳር ከክብደቱ ከመቶ 75 ወይም 80 ያህሉ ውኃ ነው። ሊከመር ሲል ከ20 በታች መውረድ አለበት፤ 15 ቢሆን የተሻለ ነው። እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ሳሩ መተንፈሱን አላቆመም፣ ጥቃቅን ነፍሳቱም ሥራቸውን ይጀምራሉ። ሁለቱም ሙቀት ያወጣሉ። ክምሩ ደግሞ እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ያፍነዋል። ከዚያ በኋላ ኬሚካላዊው ለውጥ ይረከበዋል።

አደጋው የሚበረታው ከተከመረ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሚሸተው እንደ ካራሜል ያለ፣ ደስ የሚል ጣፋጭ ሽታ ነው። ደስ አይበላችሁ። ውስጡ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ክምሩን ለመበተን መሮጥም ጥፋት ነው፤ አየር ያገኘ ፍም ወዲያው ይንቦገቦጋል። ቀድሞ የሚጠራው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው።

የደረቀውን ካልደረቀው ለመለየት የቆየው ዘዴ እጅ ነው። አንድ ጭብጥ ትይዙና እንደ ልብስ ትጠመዝዙታላችሁ። አገዳው ቀጭ ቀጭ እያለ ከተሰበረ ደርቋል። ተጣጥፎ ዝም ካለ ይቆይ። እርጥበቱ መዳፋችሁን ካራሰው፣ ገናው ገና ነው።

«ትንሽ ሻጋታ ለከብት ምንም አይደል»

የዚህኛው ታሪክ ረዘም ይላል፤ ከሁሉ የምወደውም እሱን ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በካናዳና በሰሜናዊ ዩናይትድ ስቴትስ ሜዳዎች ከብቶች ያለ ምክንያት እየደሙ ይሞቱ ጀመር። ቀንዱ የተቆረጠ በሬ ደሙ አይቆምም። የተኮላሸ ወይፈን እንደደማ ያድራል። ፍራንክ ስኮፊልድ የተባለ የካናዳ የእንስሳት ሐኪም ከአንድ ክምር ደህናውን አገዳ ከሻገተው ለየና ለሁለት ጥንቸሎች አበላቸው። ደህናውን የበላችው ምንም አልሆነች። ሻጋታውን የበላችው ደምታ ሞተች።

ድርቆሹ የተሠራው «ስዊት ክሎቨር» ከሚባል፣ የማገጥ ዘመድ ከሆነ መኖ ነበር። ይህ ተክል ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ አዲስ ድርቆሽ ያን ልብ የሚያርስ መዓዛ የሚያገኘውም በብዛት ከኩማሪን ነው። ሲሻግት ግን ኩማሪኑ ደም እንዳይረጋ ወደሚያደርግ ነገር ይለወጣል። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለዚህ ይመስላል።

በ1933 ክረምት በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት አንድ ገበሬ የሞተች ጊደር፣ ያልረጋ ደም የሞላው የወተት ጣሳና የተበላሸ ድርቆሹን መኪና ላይ ጭኖ፣ በበረዶ ውሽንፍር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ደረሰ። የቤተ ሙከራው ተመራማሪ ካርል ሊንክና ባልደረቦቹ ንጥረ ነገሩን ነጥለው ለማወቅ ዓመታት ፈጀባቸው፤ ስሙንም ዳይኩማሮል አሉት። የእሱ ዘመድ የሆነው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ። በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። ዛሬ ደሙ እንዳይረጋበት ዋርፋሪን የሚውጥ ሰው፣ የመድኃኒቱ የዘር ሐረግ ሲቆጠር የሻገተ ድርቆሽ ላይ ይደርሳል።

«ሄይ ፊቨር ከድርቆሽ የሚይዝ ትኩሳት ነው»

ስሙ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ትኩሳት የለውም፣ ከድርቆሽም አይመጣም። የአበባ ብናኝ አለርጂ ነው፤ ማስነጠስ፣ የአፍንጫ መዝረብረብ፣ ዓይን ማሳከክ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦስቶክ በ1819 የገዛ ራሱን ሕመም ሲገልጽ ምክንያቱን አላገኘውም ነበር። ሕመሙ ሳር በሚታጨድበት ወቅት ስለሚነሳ ሰዉ በድርቆሹ ሽታ አሳበበ። ሌላው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ፣ እሱም በሽተኛ ነበርና፣ ብናኙን ራሱ አፍንጫ ውስጥ እየከተተና ቆዳው ላይ እያሸ፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በ1873 አሳወቀ።

የሚገርመው፣ ከድርቆሽ የሚመጣ እውነተኛ ትኩሳት አለ። የሻገተ ድርቆሽ አቧራ ደጋግሞ የሚተነፍስ ሰው «የገበሬ ሳንባ» የሚባል ሕመም ሊይዘው ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስሙ የሚገባው ለዚህ ነበር።

«ጥንቸል ካሮት ናት የምትበላው»

የካርቱን ወሬ ነው። የቤት ጥንቸል ዋና ምግቧ ድርቆሽ ነው። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ የሚሞርደው ነገር ይፈልጋል። ካሮት ስኳር አለው፤ አልፎ አልፎ ትቅመስ።

«ሄይ የተጻፈበት ሁሉ ድርቆሽ ነው»

በእንግሊዝኛ ሰው የሚጠሩባት «ሄይ!» ድምጿ አንድ ነው፣ ፊደሏ ይለያል። አርመኖች ራሳቸውን «ሃይ»፣ አገራቸውን «ሃያስታን» ይላሉ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከድርቆሹ አይለይም። በስፓኒሽ ደግሞ ያቺው ሦስት ፊደል «አይ» ተብላ ትነበብና «አለ» ማለት ትሆናለች። «ኖ አይ» ከተባላችሁ «የለም» ማለት ነው እንጂ «ድርቆሽ የለም» ማለት አይደለም። የጠየቃችሁት ድርቆሽ ከሆነ ግን ያው ነው።